የቆዳ ካንሰር ፀሐይ በማያገኘው ቦታ

የቆዳ ካንሰር ሲነሳ «እሱ የነጮች በሽታ ነው» ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። ጥፋቱ ግን የሰሚው ብቻ አይመስለኝም። ማስጠንቀቂያው ራሱ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ ባሕር ዳርቻ፣ የቀላ ጀርባ፣ ሰንስክሪን (ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት)። ጥቁር ሰው እዚያ ሥዕል ውስጥ ራሱን አያገኝም። ስለዚህ ገላውን አያይም።

ቦብ ማርሌይን እናንሳ። በ1977 (እ.ኤ.አ.) ሜላኖማ የተባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር የተገኘበት እግሩ ላይ ነው፤ አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር። መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ነበር የመሰለው። በ1981 ሲሞት ገና 36 ዓመቱ ነበር።

ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ከፀሐይ ጨረር በመጠኑ ይከልላል። ጥቁር ሰው ላይ የቆዳ ካንሰር እምብዛም የማይታየው ለዚህ ነው። ሜላኖማ ሲይዘው ግን ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ነው። እዚያ ሰንስክሪን ብዙም አይረዳም። የሚያድነው ቶሎ መታየቱ ነው።

ፀሐይን ችላ በሉ ማለቴ አይደለም። ነጣ ያለ ቆዳ ላለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አልቢኒዝም (ሲወለዱ ጀምሮ የቆዳ ቀለም ማጣት) ላለበት ሰው ኮፍያና ረጅም እጅጌ የግድ ነው። ቅባት የሚገዛ ግን ቁጥሩ ላይ ባይጨነቅ ደስ ይለኛል። ኤስፒኤፍ (ቅባቱ ላይ የሚጻፈው የመከላከል አቅም መለኪያ) 30 የሆነው ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ 50 ደግሞ 98። ልዩነቱ ይቺው ናት። በስሱ ተቀብቶ በየሁለት ሰዓቱ ሳይደግሙ መዋል ግን ሁለቱንም ከንቱ ያደርጋቸዋል።

ገላችን ላይ ወዳሉት ነጥቦች እንምጣ። ማርያም የሳመችው የምንለው ዓይነት ጥቁር ነጥብ የሌለበት ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛውም ምንም አያደርግም። የሚያጠራጥረው ግማሹ ከግማሹ የማይመሳሰል፣ ጠርዙ የተዛባ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ወይም ከ6 ሚሊ ሜትር የሰፋ ነው። እኔ ግን ከሁሉም አንዱን ምረጥ ብባል ለውጥን እመርጣለሁ። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከወር በኋላ ከሰፋ ወይም ከጠቆረ ሐኪም ይየው። ከደማ ደግሞ ወሩንም አትጠብቁ።

ጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄድ ጥቁር መስመር ብዙ ጥቁር ሰዎች ላይ አለ፤ በተለይ በርካታ ጥፍሮች ላይ ከሆነ አያሳስብም። አንዱ ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ ወይም ጥቁረቱ አልፎ ቆዳውን ከያዘ ግን ቀልድ የለም። ተመትቶ የረጋ ደም ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወደ ጫፍ ይገፋል። ወራት አልፈውም ካልተነቃነቀ «እንቅፋት መቶኝ ነው» የሚለው ምክንያት አይሠራም።

ደግሞ በምላጭ አትንኩት፣ በመድኃኒትም አታቃጥሉት። ሐኪሙ ናሙና ወስዶ ካንሰሩ ስንት ሚሊ ሜትር እንደጠለቀ ያስለካል፤ ሕክምናውም በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያ ነው። የተቃጠለ ቆዳ ላይ ምን ተብሎ ይለካል?