የኮርኒሱ ሽማግሌ

ጓደኛዬ የኮርኒሱን ፎቶ ላከልኝ። ዝናብ ሰርጎ ያበላሸው ነው። «አየሃቸው?» ይላል። ማንን? «ሽማግሌውን ነዋ! ጢማቸው እኮ እስከ ግድግዳው ወርዷል።» ለእኔ የታየኝ የሚያፈስ ጣሪያ ነው። በቀይ አክብቦ ደገመው። ቀስት ጨምሮ ሰለሰው። እኔም በመጨረሻ ሽማግሌውን አየኋቸው፤ አሁን ደግሞ አልሄድ አሉኝ። ጓደኛዬን ጣሪያውን አስጠግን ስለው «እሳቸውን አጥፍቼ?» አለኝ።

ጥፋቱ የአንጎል ነው። ፊት ሲያይ የሚነቃቃ ክፍል ከሥሩ በኩል አለው። ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን፣ ከሥር አንድ ጭረት፤ በቃ፣ ሰው ነው! ሶኬቱ የደነገጠ፣ መኪናው የሚያፈጥ የሚመስለን ለዚህ ነው። መጀመሪያ ሰው ያደርገዋል፤ ማጣራቱ በኋላ ነው፣ ከመጣ።

አባቶች ግን ያለ ምንም ማሽን ነገሩን ጨርሰውታል፦ «እባብ ያየ በልጥ በረየ»። ይህን ተረት ስወደው! ከልጥ የሸሸ ቢበዛ ይሳቅበታል። እባቡን ልጥ ነው ብሎ የረገጠውስ? ቀብሩ ላይ ማን ይስቃል። እኛ እንግዲህ የድንጉጦቹ ዘር ነን። ጀግኖቹማ ሳይወልዱ ቀሩ።

ድንጋጤው ምድር ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ቫይኪንግ 1 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ማርስ ላይ ፊት የመሰለ ኮረብታ ፎቶ አነሳች። የላካት የጠፈር ድርጅት ናሳ ወዲያው «የጥላ ጨዋታ ነው» አለ። ማን ሰምቶ! በ1998 እና በ2001 የተሻለ ካሜራ ሲያየው ተራ ኮረብታ ሆኖ አረፈው። «ደብቀውን ነው እንጂ» የሚሉ ግን ዛሬም አሉ።

ለድንጋይ እንዲህ የሚራራ ዓይን ሰው ላይ ሲደርስ ምን ይነካዋል? አንድ የድሮ አለቃዬ በየስብሰባው «ምነው ፊትህ ጠቆረ? ያልተስማማህበት ነገር አለ?» ይለኝ ነበር። የለም! ቅንድቤ ነው! ስፈጠር ጀምሮ ወደ ታች ያዘነበለ ቅንድብ ነው ያለኝ። ሌላ ምንም የለም። እሱ ግን የሥራ ግምገማዬ ላይ «የቅሬታ ስሜት ይታይበታል» ብሎ ጻፈብኝ። ኮርኒስ ላይ ሽማግሌ ያየ ማንን ጎዳ? ከቅንድብ አመል የሚያነብ ግን እድገት ያስቀራል፤ ያውም በማኅተም።

ስለ ጣሪያ ነበር መሰለኝ የጀመርኩት። ያፍስስ፤ ወደፊት ይጠገናል። ያን ግምገማ ግን ፈርሜ ነው የተቀበልኩት። ስፈርም አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝና «ይኸው፣ አሁንም ተቆጥተሃል» አለኝ።

ያን ጊዜስ እውነቱን ነበር።