ግሎባል ካላችሁት ለምን ግሎባል አይሆንም?

ሁለት ሌሊት! ሁለት ሙሉ ሌሊት በግሎባል ቫሪያብል፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሁሉ ይጋራዋል ብዬ ባስቀመጥኩት ስም፣ አለቀብኝ። ዝም ብዬ እንዳልተኛ ደሜ ፈልቷል፣ ስለዚህ እዚሁ እተነፍሰዋለሁ።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የምጽፈው ፕሮግራም አምስት ፋይል አለው። ሁሉም የሚጋሩትን ነገር «ኮንፊግ» የሚባል ሞጁል (ሌሎች ፋይሎች የሚጠሩት የኮድ ፋይል) ውስጥ ሰብስቤ አስቀመጥኩ። አንዱ ስህተት መፈለጊያውን የሚያበራና የሚያጠፋው «ዲበግ» ነው፣ መነሻው ፎልስ (ጠፍቷል)። ሌሎቹ ፋይሎች አናታቸው ላይ «ፍሮም ኮንፊግ ኢምፖርት ዲበግ» ይላሉ፣ ዲበግን ከኮንፊግ አምጣልኝ ማለት ነው። ዋናው ፋይል ሁሉንም ኢምፖርት ካደረገ በኋላ የኮንፊጉን ዲበግ ትሩ (በርቷል) ያደርገዋል። ኮንፊግ ውስጥ ፕሪንት ሳደርገው ትሩ፤ ሌላው ፋይል ውስጥ ፎልስ! ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ፕሮግራሙ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዳል። አንጀቴን ያሳረረኝ ይሄ ዝምታው ነው። ቢወድቅ እኮ የወደቀበትን መስመር አይቼ አስተካክለው ነበር።

«ግሎባል» የሚለውን ቃል ፋንክሽኑ (ስም ተሰጥቶት የሚጠራው የኮድ ቁራጭ) ውስጥ ጨመርኩ። ወይ ፍንክች! ለካ ያ ቃል የሚሠራው በዚያው ሞጁል ውስጥ ብቻ ነው፣ ከፋይሉ አጥር አያልፍም። ታዲያ ስሙን ማን ነው ግሎባል ያለው?

ነገሩ ሲገለጥልኝ እንዲህ ነው። «ፍሮም ኢምፖርት» ስትሉ ፓይተን በእናንተ ፋይል ውስጥ አዲስ ስም ይፈጥርና በዚያች ቅጽበት ከነበረው ቫልዩ (ስሙ ከሚይዘው ነገር) ጋር ያስረዋል። ኮንፊግ ውስጥ ያለው ስም በኋላ ወደ ሌላ ቫልዩ ቢዞር የእናንተው የድሮውን እንደያዘ ይቀራል። ባለፈው በዚሁ አጻጻፍ ሊስት (ዝርዝር) ስጋራ ግን ሠርቶልኝ ነበር! ምክንያቱም አፔንድ ማድረግ፣ ማለትም መጨረሻው ላይ መጨመር፣ ያንኑ ሊስት ይለውጠዋል እንጂ ስሙን ወደ ሌላ አያዞረውም። ያሳሳተኝም እሱ ነው።

መፍትሔው «ኢምፖርት ኮንፊግ» ብሎ ሁልጊዜ «ኮንፊግ ነጥብ ዲበግ» እያሉ መጥራት ነው። ሞጁል በአንድ ስም እስከተጠራ ድረስ በአንድ ፕሮሰስ (በአንድ የፕሮግራሙ ሩጫ) ውስጥ አንዴ ይጫናል፣ ከዚያ የጠራው ሁሉ ያንኑ አንዱን ያገኛል። የፓይተን የራሱ ሰነድ፣ የተለመዱ ጥያቄዎች በሚለው ክፍል፣ ይህንኑ ይመክራል። የኔ ጥያቄ፦ ይህን ያህል የተለመደ ከሆነ ኮርሶቹ ለምን በመጀመሪያው ሳምንት አይነግሩንም? «ግሎባል ቫሪያብል መጥፎ ነው» ብለው ያልፋሉ። መጥፎ ነው፣ እሺ። ግን ስምና ቫልዩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሳያስረዱ መከልከል ምን ይጠቅማል? ተማሪው ነገ ሥራ ላይ የሚያገኘው ኮድ በግሎባል የተሞላ ነው።

ሁለተኛው ሌሊት ደግሞ በቆጣሪ ሄደ። ቆጣሪውን ዋናው ፋይል ላይ አድርጌው ሌላ ፋይል ከዚያ ኢምፖርት ያደርገዋል። ዋናው ፋይል በቀጥታ ሲነሳ በፓይተን ዘንድ ስሙ «ሜይን» ነው፤ ሌላው በፋይል ስሙ ሲጠራው አላውቀውም ብሎ እንደ አዲስ ይጭነዋል። አንድ ፋይል፣ ሁለት ቆጣሪ! ወደ ኮንፊግ አዛውሬው ተገላገልኩ።

ዛሬ አምስቱንም ፋይል አስተካከልኩ። አንድ ፋንክሽን ግን አሁንም ፎልስ ይላል። ፓራሜትሩ (ፋንክሽኑ የሚቀበለው ግብዓት) ላይ የኮንፊጉን ዲበግ ዲፎልት ቫልዩ፣ ማለትም ምንም ካልተሰጠው የሚወስደው፣ አድርጌው ኖሯል፤ እሱ ደግሞ የሚሰላው ፋንክሽኑ ሲታወጅ አንዴ ብቻ ነው። ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል።