«ሳተላይት ተከራየ» ሲባል ሙሉውን አይደለም

«አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሳተላይት ተከራየ ማለት ሳተላይቱ በሙሉ የእሱ ሆነ ማለት ነው» ብለው ለጻፉት ትንሽ እርማት አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ እኔም አስብ ነበር።

አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው ቁራሽ ነው። በአንድ ትልቅ የመገናኛ ሳተላይት ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ትራንስፖንደሮች አሉ። ትራንስፖንደር ከምድር የተላከውን ሲግናል ይቀበላል፣ ፍሪኩዌንሲውን ይቀይራል፣ ኃይሉን አጉልቶ መልሶ ይልካል። ለሳተላይት ከሚውሉት የፍሪኩዌንሲ ክልሎች አንዱ በሆነው በሲ ባንድ ሲግናሉ በ6 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይወጣል፣ በ4 አካባቢ ይወርዳል። የሚቀየረው ወጪና ወራጁ እንዳይጋጭ ነው።

የዚህ ኪራይ መለኪያ ሜጋኸርዝ ነው፤ ማለትም የሚከራዩት የፍሪኩዌንሲ ስፋት። በጣም የተለመደው የትራንስፖንደር ስፋት 36 ሜጋኸርዝ ነው። በአናሎግ ዘመን ይህ ከአንድ ወይም ከሁለት ቻናል አያልፍም ነበር። ዛሬ ዲጂታሉ ስለሚታመቅ ከ10 በላይ ይሸከማል። ስለዚህ ዓይንና ናጫ የሆኑ ሁለት ጣቢያዎች አንድ ትራንስፖንደር ላይ በደባልነት ሊኖሩ ይችላሉ! አዳዲሶቹ የኢንተርኔት ሳተላይቶች ላይ ግን ሽያጩ በአብዛኛው በሜጋቢት፣ ማለትም በሴኮንድ በሚያልፈው የዳታ መጠን ነው።

ውሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ለዓመታት ይፈራረማል፤ ሌላው ለአንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ብቻ በሰዓት ይከፍላል። ረከስ የሚል ውልም አለ፤ ግን ጣጣ አለው። አገልግሎቱ እንዳይቋረጥበት ዋስትና የገዛ ሌላ ደንበኛ መስመሩ ከተበላሸበት፣ የእርስዎ ተነጥቆ ለእሱ ይሰጣል።

ሙሉ ሳተላይት የሚከራይ ደንበኛ የለም አልልም። አለ፤ ግን ጥቂት ነው።