ትራማዶልን «ቀላል ነው» የሚሉን እስከ መቼ?

ሰሞኑን በአንድ የኤፍኤም ጣቢያ የጤና ፕሮግራም ላይ አንዲት አድማጭ ደወለች። ለወገቧ ታዞላት ለወራት የወሰደችውን ትራማዶል የተባለ የህመም ማስታገሻ በአንዴ ብታቆም ላብ በላብ ሆናለች፣ እንቅልፍ የለም፣ እግሯ አላርፍ ብሏታል፣ ያለምክንያት ትደነግጣለች። እንግዳው ባለሙያ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ትራማዶል እንደ ሞርፊን አይደለም፣ ቀላል ነው። ሱስም አያሲዝም፤ ጭንቀት ይሆናል፣ በርቺ።» ደሜ ፈላ።

በምን ሚዛን ነው የቀለለው? ህመም በማስታገስ ከሞርፊን ይደክማል ከተባለ፣ አዎ፣ ይደክማል። ልጅቷ የጠየቀችው ግን ሲቋረጥ ስለሚያመጣው መዘዝ ነው። እዚያ ላይ ትራማዶል ጭራሽ ይብሳል ባይ ነኝ። የሞርፊን ሃራራ የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱ በቀረ በግማሽ ቀን ውስጥ ማዛጋት፣ የአፍንጫ ውኃ፣ ውርር ማለት፣ ቁርጠት ይጀምራል፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ይከፋል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ይረግባል። የዚሁ ወገን መድኃኒት የሆነው ሜታዶን ሃራራው ዘግይቶ ይጀምርና ለሳምንታት ይጎትታል። ትራማዶል የሞርፊኑን ሁሉ ይዞ ሌላም ይጨምራል፤ ምክንያቱም እንደ ድብርት መድኃኒት ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን የአንጎል ኬሚካሎችም ይነካካል። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ሲያቆም ፍርሃት ያርደዋል፣ እጅ እግሩ ይደነዝዛል፣ የሌለ ነገር ያያል። ይህን «ጭንቀት ይሆናል» ብሎ ማለፍ የሰፈር ምክር እንጂ ህክምና አይደለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይህ «ቀላል» የሚባል ነገር ለእኛ ሰው መነገሩ ነው። ትራማዶል ዋናውን ሥራ የሚሠራው እንደተዋጠ አይደለም። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ይቀይረዋል፤ ህመም የማስታገስ ጉልበቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከተቀየረ በኋላ ነው። በሳልና በህመም መድኃኒት ውስጥ የሚገባውን ኮዴይንንም ወደ ሞርፊን የሚቀይረው ያው ኢንዛይም ነው። ታዲያ ይህ ኢንዛይም በሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል፤ ተጨማሪ ቅጂ ያለው ሰው ደግሞ መድኃኒቱን በፍጥነትና በብዛት ይቀይረዋል። ስዊድናውያን ዘንድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው። ከሦስት ሰው አንዱ ለመሆን ምን ቀረው! እንግዲህ በአውሮፓ ሰው ተለክታ «ቀላል» የተባለች 50 ሚሊግራም እንክብል ጎንደር ወይ አዲስ አበባ ያለ ሰው ጉበት ስትደርስ ምን እንደምትሆን ማን አይቶ ነው በሬዲዮ አፍ ሞልቶ የሚነገረው? ለእኔ ይህ ቁጥር ብቻውን ይበቃኛል። ማስረጃ አምጣ የሚለኝ መጀመሪያ ቀላል ስለመሆኑ የራሱን ያምጣ።

«ቁጥጥሩ ከጠበቀ የካንሰር ታማሚ ማስታገሻ ያጣል» የሚሉም አሉ። ስጋቱ እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም ትራማዶል በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይግባ ሳይሉ የቀሩት በዚሁ ነው። ግን ለታካሚ እውነቱን መንገር የማንን መድኃኒት ይቀንሳል? አሜሪካኖች እንኳ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ተራ ማስታገሻ ሲያዙት ከርመው በ2014 ነው ነቅተው ቁጥጥር ውስጥ ያስገቡት። እኛ ጋ ማዘዣ ሳይጠይቅ በስትሪፕ የሚሸጥ ፋርማሲ አሁንም አለ።

ደግሞ «በርቺ» ምን የሚሉት መድኃኒት ነው? ለሳምንታት በየቀኑ የወሰደ ማንም ሰው፣ ሱሰኛ ባይሆንም፣ ሰውነቱ ይለምደዋል። ሐኪም መጠኑን ቀስ በቀስ እያወረደ ነው የሚያስቆመው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2019 እ.ኤ.አ. እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ያሉ መድኃኒቶችን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው ብሎ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። ልጆች ያላችሁ ደግሞ ያው ተቋም በ2017 ኮዴይንና ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ ማለቱን ያዙልኝ፤ ጣጣው ያው ኢንዛይም ነው። ቤት ያለውን የሳል ሽሮፕ አገላብጣችሁ አንብቡ።