ሰባት ቤት የሚቆጠርለት ገመድ

የአዲስ አበባ ሰው ቤት ሠርቶ፣ መኪና ለውጦ፣ የመጀመሪያ ልጁን ሲድር ጆሮ ማውጣት ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ የቴፑ አንዱ ስፒከር ቢንጣጣ ግድ ያልነበረው ሰው፣ በድንገት የመሰንቆው ጭራ ሲፈተግ አልሰማህ አለኝ፣ የከበሮው ቆዳ ደረቀብኝ፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ከግራው ስፒከር ጀርባ ተደበቀ እያለ እንቅልፍ ያጣል። ስፒከሩን ይለውጣል፤ አምፕሊፋየሩንም ይለውጣል፤ የሚለወጥ ነገር ሲያልቅበት ደግሞ ዐይኑ ሁለቱን በሚያገናኘው ገመድ ላይ ያርፋል። እኔ እንደታዘብኩት ከዚህ በኋላ ለቤተሰቡ ሰላም የለም፤ አምፕሊፋየር በዓመታት መካከል አንድ ጊዜ የሚገዛ ዕቃ ሲሆን ገመድ ግን በየወሩ ሊጠረጠር ይችላል።

የገመድ ነገር በሳሎን ጨዋታ ላይ ሲነሣ የጋብቻ ሽምግልና ይመስላል። መዳቡ የየት አገር ነው፣ በንጽሕናው ላይ ስንት ዘጠኝ ይቆጠራል፣ ኦክስጅን ወጥቶለታል ወይስ አልወጣለትም እየተባለ ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ይጠናል። ተራው የኤሌክትሪክ መዳብ 99.9 በመቶ ንጹሕ ነው የተባለ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ኦክስጅን የወጣለት 99.99 ነው ሲባል ግን ፊታቸው ይፈታል። ሁለቱ መዳቦች ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ችሎታቸው የሚለያዩት በአንድ በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን በዚህ ሰዓት የሚያነሣ ሰው፣ ነገር ሊያፈርስ እንደመጣ ይቆጠራል። ብር ከመዳብ በስድስት በመቶ ገደማ የተሻለ ያስተላልፋል። ያንን ስድስት በመቶ መዳቡን በጥቂቱ አወፍሮ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ወፈር ያለ መዳብ ገዛሁ ብሎ እንግዳ የሚጠራ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ስማቸውን ብጠራ የሚቀየሙኝ አንድ ጋሼ አሉ፤ በሰፈራችን የድምፅ ነገር ሲነሣ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። አሜሪካ የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ አገሩን ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ከተፈቀዱለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች የአንደኛውን ግማሽ በእሳቸው ገመድ ሞልቶ ገባ። የእናቱ ጫማና የእህቱ ሕፃን ዱቄት ወተት ወደሚቀጥለው መንገደኛ ተላለፉ። ገመዱ ከአውራ ጣት የወፈረ፣ ከላይ እስከ ታች የተሸመነ ጥቁር ልባስ የለበሰ፣ ሙዚቃው በየት በኩል መፍሰስ እንዳለበት የሚያመለክት ቀስትም የታተመበት ነበር። ከአምፕሊፋየር የሚወጣው ኤሌክትሪክ በአንድ ሰከንድ ውስጥ መቶ ጊዜና ሺህ ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ በመሆኑ፣ ቀስቱ ሕግ ከሆነ ሙዚቃው ግማሹን ጊዜ ሕግ ሲጥስ ይውላል ማለት ነው። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም፤ ቡናቸውን እየጠጣሁ ነበር።

ትልቁ ችግር ገመዱ አልታጠፍ ማለቱ ነው። በቡፌው ጀርባ ማለፍ ነበረበት፤ አላልፍ ስላለ ቡፌው ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ወደፊት ወጣ፣ ቡፌው ሲወጣ ሶፋው ተገፋ፣ ሶፋው ሲገፋ ረከቦቱ ትዳሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ከነበረበት ጥግ ተነሥቶ ወደ ኮሪደር ተሰደደ። ትንሹ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው የግራው ስፒከር በገመዱ ጉልበት እየተሳበ ፊቱን ወደ መስኮቱ ስላዞረ፣ ጋሼ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት አስደግፈው ወደ አድማጩ መለሱት። የተረፈው የገመዱ ክፍል ምንጣፉን አቋርጦ በሳሎኑ መካከል ተጋደመ። የባለቤታቸው አክስት አንድ እሑድ ሊጠይቁ መጥተው ከበሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህ የተጋደመው ነገር ይናደፋል?»

«ኧረ እማማ፣ ገመድ ነው፤ ይሻገሩት።»

«ስሻገረው ድምፁ አይበላሽብህም?»

ጋሼ ጥቂት አሰቡ። «ቀስ ብለው ከተሻገሩት ምንም አይል» አሉ።

ገመዱ የሚመረቅበት ዕለት ጆሮ ያወጣን ወዳጆች ሁሉ ተጠራን። ዋጋው ከቡናው በፊት ተነግሮን ስለነበር ሁላችንም በሚገባው አክብሮት ተቀምጠን አዳመጥን። ቤዝ ጊታሩ አልነበረም። ከበሮው ነበረ፤ ሆኖም ሆዱ ባዶ ነበር፤ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል መቆም የሚገባት ዘፋኝም ከጣሪያው፣ ከመጋረጃውና ከኮሪደሩ በኩል በአንድ ጊዜ ትመጣ ነበር። «ሰፋ!» አሉ አንደኛው እንግዳ ዐይናቸውን ጨፍነው። ሁለተኛው «አየር አገኘ» ሲሉ ደገፉ፤ ሦስተኛውም ግድግዳው እንደጠፋባቸው መሰከሩ። ጋሼ ግን ምስክርነቱን በትሕትና አለዘቡት፤ ገመዱ ገና ድንግል ነው፣ 200 ሰዓት ከሠራ በኋላ ይፈታል፣ ያኔ ትሰማላችሁ አሉን።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። ልባሱ ጥቁር በጥቁር በመሆኑ የትኛው ፖዘቲቭ፣ የትኛው ኔጋቲቭ እንደሆነ አይለይም፤ በዚህም ምክንያት የአንዱ ስፒከር ቀይ መግጠሚያ ከአምፕሊፋየሩ ቀይ ጋር ሲገጠም የሌላው ቀይ ከጥቁር ጋር ተገጥሟል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ሞገዳቸው ረጅም የሆኑት የቤዝ ድምፆች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ፤ የተረፈው ድምፅም መገኛው ስለሚጠፋ የሰፋ ይመስላል። ሁለት ሳንቲም በማያወጣ ቀይ ምልክት የሚለየው ጉዳይ ይህ ነው። ከልብ ለሚያዳምጥ ሰው በገመድ ዙሪያ ከሚነገሩት ነገሮች ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ልዩነት እሱ ሆኖ ሳለ፣ በምርቃቱ ላይ ስለ ዘጠኞቹ ብዛት እንጂ ስለ ቀዩና ስለ ጥቁሩ የጠየቀ አልነበረም።

ቁጥር ለሚወድ ሰው ደግሞ ሒሳቡ አጭር ነው። ሶኬት የሚዘረጋበት ዓይነት ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድ፣ በቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተሠራው ለስላሳ ዓይነቱ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታበት ልክ፣ ከ8 ኦም አይበልጥም። ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ 5 ሜትር ቢርቅ፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የሚታሰበው 10 ሜትር ነው፤ ይህም 0.08 ኦም ይሆናል። ባለ 8 ኦም ለሆነ ስፒከር ይህ አንድ በመቶ ነው፤ ወደ ድምፅ ልክ ሲመነዘር የአንድ ዴሲቤልን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስፒከሩ ባለ 4 ኦም ከሆነ ወይም ሳሎኑ ለሠርግ የሚበቃ ከሆነ ወደ ባለ 4 ስኩዌር መውጣት ተገቢ ነው፤ ከአነስተኛ ቴፕ ጋር በነፃ የሚሰጠውን ቀጭን ሽቦ መጣልም እንዲሁ። ከዚያ በላይ የሚወጣው ገንዘብ የሚሰማው በጆሮ ሳይሆን በጎረቤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ጄምስ ራንዲ የተባለው፣ የአስማት ትርኢት በማሳየትና የሐሰት ተአምራትን በማጋለጥ የታወቀው አሜሪካዊ፣ ጥንዱ 7,250 ዶላር የሚሸጥን የስፒከር ገመድ ከሌላ ገመድ በጆሮው ብቻ ለሚለይ ሰው አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር። ሚሊዮኑ አልተወሰደም። ይህን ለጋሼ ሳነሣባቸው ሰው በፈተና ላይ ሲቀመጥ ጆሮው እንደሚጨነቅና የተጨነቀ ጆሮ ደግሞ እንደማይሰማ አስረዱኝ። መልሱ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ያን ያህል ዋጋ ከፍሎ የማይጨነቅ ጆሮ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሌላው የሽማግሌዎቹ መከራከሪያ ቀጭኑ ድምፅ የሚጓዘው በሽቦው ቆዳ ላይ ነው የሚለው ነው። እውነትነት አለው፤ በ20 ሺህ ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 20 ሺህ ጊዜ ሲመላለስ፣ ኤሌክትሪኩ ከመዳቡ ቆዳ እስከ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ባለው ጥልቀት ውስጥ ይበረታል። ይሁን እንጂ ባለ 2.5 ስኩዌር ሽቦ ከቆዳው እስከ እምብርቱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ የሚታጣው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በዚያ ላይ 20 ሺህ ኸርዝ የሚሰማው ጆሮ የልጅ ጆሮ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ድምፅ ቀድሞ ይሰናበታል፤ እንዲህ ያለውን ገመድ ለመግዛት የሚያስችል ገንዘብ ደግሞ ከስንብቱ በኋላ ይመጣል። በጋሼ ቤት ገመዱ አድነዋለሁ የሚለውን ድምፅ ሊሰማ የሚችለው ብቸኛ ሰው የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ነው፤ እሱም የሚያዳምጠው የስልኩን ካርቱን ነው።

መጠርጠር የሚገባው ገመድ ሌላ ነው፤ እሱን ግን ሽማግሌዎቹ ዘሩን ሳይጠይቁ ያሳልፉታል። ከውጭ መዳብ የተለበጠ፣ ከውስጥ ግን አሉሚኒየም የሆነ ገመድ ገበያ ላይ አለ፤ በተመሳሳይ ውፍረት ከንጹሕ መዳብ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ያስተላልፋል፤ ደጋግሞ ሲታጠፍም ክሮቹ ይበጣጠሳሉ። ጥቅሉን በእጅ ሲያነሡት ይቀላል፤ ጫፉን በቢላዋ ሲፍቁት ነጭ ይወጣል። መርካቶ ወርዶ ቢላዋ የሚጠይቅ ገዢ ዘጠኝ ከሚቆጥር ገዢ ይልቅ ሙዚቃውን ያተርፋል።

ለስላሳነት የሚባለው ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ስለ ገመድ ከሚነገሩት ምስጋናዎች ሁሉ ቅኑ ነው፤ ማንም ሰው በእጁ ሊያረጋግጠው ይችላልና። ባለ 2.5 ስኩዌሩ ለስላሳ ገመድ ሩብ ሚሊሜትር ውፍረት ካላቸው ወደ 50 የሚጠጉ ክሮች ይሠራል፤ ክሮቹ እየቀጠኑና እየበዙ በሄዱ ቁጥር ገመዱ ይበልጥ ይተጣጠፋል። ከላይ የሚለብሰው ፕላስቲክ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ የሲሊኮን ልባስ ግን ለስላሳነቱን ይዞ ይቆያል፤ በቢላዋ ጥቂት ከተነካ ግን ቶሎ ይቀደዳልና በሶፋ እግር ሥር ባይውል ይመረጣል። እንዲህ ያለው ገመድ የግድግዳውን ጥግ ተከትሎ ይሄዳል፣ ስፒከሩን አይጎትትም፣ አክስትንም ከበር ላይ አያስቆምም።

ፋሲካ ሲቃረብ ጋሼ ለለቅሶ ወደ ደሴ ሄደው ሳምንት ቆዩ። ባለቤታቸው እትዬ የበዓሉን ቡና በኮሪደር እንደማያፈሉ ቁርጡን ተናግረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነውን የጋሼን የእህት ልጅ አስጠሩት። ልጁ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዞ መጣ፤ ንጹሕ መዳብ መሆኑን በቢላዋ ያረጋገጠውን ባለ 2.5 ለስላሳ ገመድ በቡፌው ጀርባ አሳለፈ፤ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩንም ከጥቁር ጋር ገጠመ፤ ከአሜሪካው ገመድ ጫፎች ላይ የተሸመነውን ልባስ ስንዝር ስንዝር ቆርጦ ዐይን በሚያርፍባቸው በአዲሱ ገመድ ጫፎች ላይ አጠለቀ። ቡፌው ወደ ግድግዳው፣ ሶፋው ወደ ቦታው፣ ረከቦቱም ወደ ጥጉ ተመለሱ። አሮጌው ገመድ በማዳበሪያ ከረጢት ሆኖ ከአልጋ ሥር ገባ።

ጋሼ ተመልሰው ሳሎኑን ሲያዩ ግራ ተጋቡ። «ገመዱ እንዴት ታጠፈ?» ሲሉ ጠየቁ። እትዬ ቡናውን እየቆሉ፣ ሲሠራ ሲሠራ ጊዜ ለዘበ ብለው መለሱላቸው። ጋሼ ሙዚቃውን ከፈቱ። ቤዝ ጊታሩ ከነሙሉ ክብሩ መጣ፤ ዘፋኟም በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ቆመች። «200 ሰዓት ሲሞላ ይፈታል ብዬ አልነበረም!» አሉና በዚያው ምሽት ለሁላችንም ደወሉ።

ለሁለተኛ ጊዜ ተሰብስበን አዳመጥን፤ በእውነትም ግሩም ነበር። ከእንግዶቹ ሁለቱ ያንኑ የአሜሪካ ገመድ ወዲያው አዘዙ፤ አንደኛው ሻንጣ በሚቀጥለው ወር ይገባል ተብሎ ይጠበቃል። ገጠማውን በአደራ የተረከበው የጋሼ የእህት ልጅ ግን ከወዲሁ በሁለቱም ቤት ከቡፌው ጀርባ ያለውን ርቀት ለክቶ መርካቶ ደርሶ መጥቷል።