ገመድ አልባው በገመድ

ዋይፋይ ያስገባሁት ከገመድ ልገላገል ብዬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ቀኑን ሙሉ በደረቴ እየተሳብኩ አልጋ ስር ገመድ ስጎትት ዋልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን አንድ ራውተር ነበረው። ሳሎን ላይ ማን እንደሱ! መኝታ ቤት ሲደርስ ግን ትንፋሹ ያልቃል። ስለዚህ ሜሽ የሚባለውን፣ ዋይፋዩን እየተቀባበለ ቤቱን ሁሉ የሚያዳርሰውን ዕቃ ገዛሁ። ሦስት ነጫጭ፣ ድንቡሽቡሽ ያሉ ሳጥኖች ናቸው፤ አንዱን ሳሎን ከዋናው መስመር ጋር ሰካሁት፣ አንዱን ኮሪደር ላይ፣ አንዱን መጨረሻ ክፍል። ስልኬን ባየው ሲግናሉ ጢም ብሏል። "በቃ፣ ተገላገልን!" ብዬ ለባለቤቴ አወጅኩ።

በማግስቱ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ እያወራሁ ፊቴ ደርቆ ቀረ። አፌ እንደተከፈተ፣ አንድ ዓይኔ እንደተጨፈነ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ስክሪን ሾት አንስቶ አስቀምጦታል፤ እስካሁንም አላጠፋውም።

ሲግናሉ እኮ ሙሉ ነው! የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ የሚያሳየው ስልኬና አጠገቡ ያለው ሳጥን ምን ያህል እንደሚደማመጡ ብቻ ነው፤ ያ ሳጥን ከዋናው ጋር ተስማማ፣ ተኳረፈ፣ አያገባውም። መጨረሻ ክፍል ያለው ሳጥን ሁሉንም ነገር ከኮሪደሩ በአየር ይሰማል፣ የኮሪደሩ ደግሞ ከሳሎኑ፣ ልክ ከአፍ ወደ አፍ እንደሚዞር ወሬ። በዚያ ላይ የኔዎቹ ርካሽ ስለሆኑ ለስልኬም ለእርስ በርሳቸውም ያው አንዱን ሞገድ ነው የሚጠቀሙት። እየሰሙ ማውራት አይችሉም። አንዴ ይሰማሉ፣ አንዴ ይናገራሉ፤ ፍጥነቱም በየቅብብሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለእርስ በርስ ወሬያቸው ብቻ የተለየ ሞገድ የተመደበላቸው ውድ ሳጥኖች አሉ፤ የባለጠጋ ነገር ነው።

ግድግዳውም አለ። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣኑ ሞገድ ብረት ያለበት ኮንክሪት ሲያጋጥመው ወኔው ይከዳዋል። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ባለቤቴ የሰቀለችው ግዙፍ መስታወት አለ፤ ጀርባው በብረት ስለተለበጠ ሞገዱን ወደመጣበት ይመልሰዋል። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። ትዳሬን አልጠላሁም።

የቀረኝ ሳጥኖቹን በገመድ ማገናኘት ነው። ስልኩ ከሳጥኑ ጋር በአየር ያውራ፣ ሳጥኖቹ እርስ በርሳቸው በገመድ። ካት 5ኢ የሚባለው ተራው የኔትወርክ ገመድ እንኳ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት፣ ማለትም አንድ ሺህ ሜጋቢት ይሸከማል። ቤቴ ከዳር እስከ ዳር 100 ሜትር ቢሆን ኖሮ አልጋ ስር የሚገባ ሰው እቀጥር ነበር።

ገመዱን ጠቅልዬ ስገባ ባለቤቴ በር ላይ ያዘችኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የገመድ አልባው ገመድ።"

ትንሽ ዝም አለች። "ምንጣፍ ስር ይሂድ። አንዲት ጫፍ ብትታየኝ ግን አንተም አብረኸው ትወጣለህ።"

ጫፉ ላይ የሚገባውን ሶኬት ራሴ ልግጠም አልኩ፤ ማን ከማን ያንሳል! ገመዱ ሲላጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ቅደም ተከተላቸውን እንደ ፈተና አጠናሁት፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። (ሰማያዊዎቹ አረንጓዴዎቹን ለያይተው መሀል የገቡት ለድሮው የስልክ መስመር ሲባል ነው። ጡረታ ወጥቶም ወንበሩን አልለቀቀም።) ቀጥ አድርጌ ደረደርኳቸው፣ ሶኬቱ ውስጥ ከተትኳቸው፣ በመቆንጠጫው ቀጨም አደረግኳቸው፣ ሰካሁ፣ ፍጥነቱን ለካሁ።

94 ሜጋቢት። አንድ ሺህ አካባቢ ስጠብቅ!

ለካ ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፤ አንዱ ከጎደለ ሳጥኖቹ ምንም ሳይሉ ወደ 100 ይወርዳሉ፣ ለዚያ አራት ሽቦ ይበቃልና። ሶኬቱን ወደ መብራት አስጠግቼ ባየው ቡኒው እንደሰነፍ ተማሪ ወደኋላ ቀርቷል፤ ከሌሎቹ ጋር ጫፍ ድረስ አልደረሰም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቆርጬ እንደገና ሠራሁት። 930! ምንጣፉ ላይ በጀርባዬ ተዘርግቼ ብቻዬን ሳቅኩ።

አሁን ስብሰባ ላይ ፊቴ ይንቀሳቀሳል። ባለቤቴ ግን አንድ ቀን ሳጥኑን ስታገላብጥ ጀርባው ላይ ትርፍ ቀዳዳ አየች። "ይቺስ? ቴሌቪዥኑን አትሰካበትም?" ሰካሁት። ፊልሙ መቆራረጡን ተወ። ቀጥሎ ኮምፒውተሯ፣ ከዚያ ፕሪንተሩ። ምንጣፉ አሁን ኮረብታ ሠርቷል፤ ስለምትታየው ጫፍ የሚያነሳ የለም።

ትናንት ማታ ደግሞ ስልኳን ገልበጥ አድርጋ እያየች፣ "ለዚህስ ገመድ የለውም?" አለችኝ።

አለው። አልነገርኳትም።