«ማታ ነው? ፑሽ አድርገው!» ኧረ በሕግ አምላክ!

በጥቁርና ነጭ ፊልም ማታ ላነሳ ነው ባልኩ ቁጥር ያው ምክር ነው። «400 የሆነውን ፊልም 1600 ነው ብለህ ካሜራው ላይ ሙላው፤ ሲታጠብ ፑሽ ይደረጋል።» ቁጥሩ ፊልሙ ብርሃን የመያዝ አቅሙ ነው፤ ፑሽ ማለት ደግሞ ማጠቢያው ውስጥ ከተለመደው ጊዜ በላይ ማቆየት። መካሪ ሞልቷል። የምታነሳው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

እኔ የማነሳው መስቀል አደባባይ ደመራ ሲለኮስ ነው። እሳቱ ይንቦገቦጋል። ፊት ለፊቱ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ። ከኋላ ጨለማው ውስጥ ጠይም ፊቶች። እዚህ ላይ ችግሩ ብርሃን ማነሱ ብቻ አይደለም፤ በብርሃኑና በጨለማው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ፑሽ ደግሞ ልዩነቱን ያባብሰዋል። ብርሃን አሳንሰህ ታነሳለህ፣ ጉድለቱን በማጠቢያ ጊዜ ላካክስ ትላለህ። ፊልሙ ላይ ያላረፈ ፊት ግን ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ ቢያድርም አይመጣም። እሳቱና ነጠላው ኔጋቲቩ ላይ (ብርሃን ጥቁር ሆኖ የሚወጣበት የታጠበው ፊልም) ድፍን ጥቁር ይሆናሉ። ሲታተም የነጠላው ጥለት የለ፣ እጥፋቱ የለ፤ ባዶ ወረቀት!

መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው። ለጨለማው በቂ ብርሃን ስጥ፣ የማጠቢያውን ጊዜ ቀንስ። ላይት ሜትር (የብርሃን መለኪያው) ያየውን ሁሉ ግራጫ ማድረግ ነው ሥራው። ስለዚህ ጠይሙን ፊት ለክተህ፣ ከልኩ በላይ እንዳይነጣ አንድ ስቶፕ (ብርሃኑን በግማሽ) ትቀንሳለህ፤ እሳቱን ትረሳዋለህ።

ይኼ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ትራይፖድ ላይ አድርገህ የፒያሳን ሕንጻዎች በማታ ብታነሳ፣ ኮዳክ ለትራይ-ኤክስ (ለጥቁርና ነጭ ፊልሙ) ያወጣው ሰንጠረዥ ምን ይላል? ሜትሩ 10 ሰከንድ ካለ 50 ሰከንድ ክፈት፣ ማጠቢያውን ደግሞ 20 በመቶ ቀንስ። ቀንስ! ፋብሪካው ቀንስ ሲል የኛ ሰው ጨምር ይላል።

የባሰው ፊልም የሚያጥበው ላብራቶሪ ነው። የደመራውን ፊልም ዲሲ ድረስ ይዤ መጥቼ፣ ጊዜው ይቀነስልኝ ብዬ በትልቁ ጽፌ ሰጠሁ። ከሌላው ሰው ፊልም ጋር አብረው ነከሩት። ስጠይቅ «ፑሽ በተጨማሪ ክፍያ እንሠራለን፣ መቀነስ ግን የለንም» አሉኝ። ማበላሸቱ ዋጋ ወጥቶለታል፣ ማዳኑ ግን ዝርዝሩ ላይ የለም።

አሁን ራሴ ቤት አጥባለሁ። አንድ እጅ ሮዲናል የሚባል ዴቨሎፐር በ100 እጅ ውሃ፣ አንድ ሰዓት ያህል፣ ታንኩን ብዙም ሳላንቀሳቅስ። ብርሃን የበዛበት ቦታ ዴቨሎፐሩን ቶሎ ይጨርስና ይቆማል፤ ጨለማው ቀስ እያለ ይሠራል። የነጠላው ጥለትም ይታያል።

ከዚህ በታች «ፑሽ ብታደርገው ግን…» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። ብሎክ ነው የማደርገው።